አንቱ ካልበሉ አልበላም

ረጅም በረራ ላይ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ከእንግዲህ መልሴ አንድ ነው፦ የፈለጋችሁትን ብሉ፣ ብቻ አትማሉ። ውሃ ጠጡ፣ ጨው ቀንሱ፣ ቡና አታብዙ የሚለውን ምክር እኔም በወረቀት ጽፌ፣ አራት ቦታ አጥፌ፣ በደረት ኪሴ ይዤ ነበር የተሳፈርኩት። ወረቀቱ በሰላም ገብቷል። የተንገላታሁት እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እኔ የሐብሩ ሰው ነኝ፤ መርሳ ከተማ ውስጥ የፍራፍሬ ባለሙያ ተብዬ የምሠራ። የፍራፍሬ ባለሙያ ማለት ገበሬው ከአባቱ የወረሰውን ብርቱካን እንዴት እንደሚተክል ከወረቀት ላይ የሚያነብለት ሰው ማለት ነው። ጦርነቱ መጥቶ አምስት ወር ያህል ተቀምጦብን ሲሄድ ቢሮአችን ውስጥ የቀረነው ግድግዳውና እኔ ነበርን። ወንበር የለም፣ ጠረጴዛ የለም፤ «እባክዎን በር ይዝጉ» የሚል ማስታወቂያ አለ፣ በሩ ግን የለም። በዚህ መሐል ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ ለሦስት ሳምንት የብርቱካን ሥልጠና ወደ ብራዚል ትሄዳለህ። ቢሮዬ የምቀመጥበት ሳይኖረኝ አውሮፕላን ላይ መቀመጫ ተያዘልኝ።

ወሬው መርሳን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በማግስቱ ጎረቤቴ እትዬ ሉባባ በሬን አንኳኩ። እትዬ ሉባባ ዕድሜያቸውን ስልሳ ላይ አቁመው ከዚያ ወዲህ መቁጠር የተዉ፣ ሐራ ገበያ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ ዋጋ አንዴ ከጠሩ ሰማይ ቢወርድ የማይቀንሱ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ሰይድ። ዓረብ አገር ብሎ ወጥቶ፣ በየት በየት ዞሮ ብራዚል ገብቷል። ሥራው ዶሮ ማረድ ነው። እንዳትስቁ፤ እኛ ስቀን ጨርሰናል። እዚያ አገር ለዓለም እስላም ሁሉ የሚላክ ዶሮ የሚታረድበት ፋብሪካ አለ፤ አራጁ የግድ እስላም መሆን ስላለበት ሰይድ ቢላውን ይዞ ቀኑን ሙሉ ቢስሚላህ ሲል ይውላል። ወሬው መርሳ የገባ ሰሞን፣ አንድ ጊዜ ሐጅ ደርሰው የተመለሱት አያ ይመር፣ «ቢስሚላህ ማለት ደሞዝ የሚያስገኝ ከሆነ እኔ እስከ ዛሬ በነጻ ስሠራ ኖሬያለሁ» ብለው ነበር።

ያን አምስት ወር ስልክ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ነበር። ሰይድ እናቱ ትኑር ትሙት አያውቅም። በዚያ ላይ እትዬ ሉባባ ስኳር አለባቸው፤ በመርፌ የሚኖሩ ናቸው። መድኃኒት ቤቱ ተዘርፎ መርፌው ሲያልቅ እንዴት እንደተረፉ ሐኪም እንኳ አልገባውም። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። አንድ ቀን፣ የወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አልቆ ሰፈሩ ሁሉ በንፍሮ ሲኖር፣ እጃቸውን ዘርግተው ነዝር ገቡ፤ ስለት መሆኑ ነው። «ጌታዬ፣ ሰይዴን በዓይኔ የምታሳየኝ ከሆነ የሚመጣውን ሮመዷን አንድ ቀን ሳላፈርስ እጾምልሃለሁ» አሉ።

ስለታቸው ሰመረ። መንገዱ ተከፈተ፣ ስልኩ ሠራ፣ ሰይድ ቪዛውንም ቲኬቱንም ጨረሰ። ብቻቸውን ከደሴ ወዲያ ሄደው ስለማያውቁ ከኔው ጋር በአንድ አውሮፕላን እንዲሄዱ ተቆረጠ። እንከኑ አንድ ነበር፤ ጉዞው ሮመዷን ላይ ዋለ። የዚያን ዓመት ሮመዷንና የኛ ሁዳዴ ተገጣጥመው መርሳ ውስጥ ቀን ቀን የሚበላው ሕፃንና ፍየል ብቻ ነበር።

ሰይድ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ሐኪሙ እንዳትጾም ከልክሏታል፤ እሷ ግን ነዝር አለብኝ ብላ አሻፈረኝ ብላለች። ቤቷ ስትሆን ሌሊት ሱሑሯን በልታ፣ ጥላ ሥር ጋደም ብላ ትውላለች። ይሄ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት በረራ ነው። ስኳሯ ከወረደ ትወድቅብሃለች፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ሐኪም ቤት የለም። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አብላት። ውሃ አጠጣት። ጨው የበዛበት አትስጣት፣ ቡና አታብዛ፣ በየሰዓቱ ተነስታ እግሯን ታፍታታ። አደራህን። አምስት ወር ሙሉ ሞታለች ብዬ አልቅሻለሁ፤ ድጋሚ አታስለቅሰኝ።»

ያለኝን ሁሉ በወረቀት እየጻፍኩ «አብሽር!» አልኩት። አብሽር ማለት እኛ አገር አይዞህ፣ አታስብ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለው ሰው ራሱ ምንም ያላሰበበት ነው።

ከዚያ ወዲያ መርሳ በሙሉ የበረራ አዋቂ ሆነ። አያ ይመር «ሲነሳ ጆሮ ይደፈናል፤ መድኃኒቱ የሽምብራ ቆሎ ነው፣ ሳታቋርጥ ቆርጥም» አሉኝ። ከቤሩት የተመለሰችው ዘምዘም ደግሞ «ጥራጥሬ የሚባል እንዳትነካ! እላይ ሲደረስ ሆድ ይነፋል፤ አጠገብህ ያለው ሰው ሲራገምህ ነው የሚውለው» አለችኝ። ሁዳዴ ላይ ጥራጥሬ ያልሆነ ምግብ ምን እንዳለ ብጠይቃት ጥቂት አሰብ አደረገችና «ቲማቲም» አለች። የቀድሞ የቢሮ ባልደረባዬ ምክር ከሁሉም ባሰ። ውሃ የሚባል እንዳልቀምስ ነገረኝ፤ ምክንያቱም ውሃ ሽንት ቤት ያስኬዳል፣ የአውሮፕላን ሽንት ቤት ደግሞ ሲለቀቅ ድምፁ ከባድ መሣሪያ ነው። እኛ ከዚያ ድምፅ ገና መገላገላችን ነበር።

ስንቃችን ግን የሚያስመካ ነበር። እናቴ ሁለት ኪሎ የገብስ በሶ በከረጢት ሞልታ ሰጥታኛለች። እትዬ ሉባባ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ለሰይድ በርበሬ፣ መርፌያቸውን ደግሞ በረዶ በያዘ ፔርሙስ አድርገው መጡ። ሁለታችንም ጾመኞች ሆነን ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። ስንቅ ካልተያዘ ጉዞ አይባልም፤ አለቀ።

ውርጌሳ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ዕቃ ተፈታ። አንድ ወጣት ወታደር የበሶውን ከረጢት ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በሶ ነው።»

«ወዴት የሚሄድ በሶ ነው?»

«ብራዚል።»

ይሄን ማለት አልነበረብኝም። ወታደሩ ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛው ከረጢቱንም እኔንም ከላይ እስከ ታች አየና «እስኪ ቅመሰው» አለኝ። ነገሩን ቶሎ ለመገላገል አንድ እፍኝ ሙሉ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ደረቅ በሶ በአፉ የያዘ ሰው አይናገርም። «አንተ ራስህ ወዴት ነህ?» አለኝ። ነጭ አቧራ ከአፌ ወጣ። «ማነው የላከህ?» ሌላ አቧራ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወታደሮቹ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ የሁዳዴን ጾም በኬላ ትእዛዝ የገደፈ ሰው ከኔ ሌላ ካለ ብንተዋወቅ ደስ ይለኛል።

እትዬ ሉባባ ሰው ገፍተው መጡ። «ኧረ በአላህ ውሃ ስጡት! አንቀው ሊገድሉት ነው እንዴ! በሶ አይታችሁ አታውቁም? እናንተን እናታችሁ ምን ቋጥራ ነው የላከቻችሁ?»

ወጣቱ ወታደር አንገቱን ደፋ። «የኔም ይሄንኑ ነበር የቋጠረችልኝ፣ እማማ። ካለቀ ቆየ።»

እትዬ ሉባባ መንገድ ዳር ቁጢጥ አሉና «ጎድጓዳ ዕቃ አምጡ» አሉ። ጾመኛዋ ሴት ለኬላው ሁሉ በሶ በጠበጡ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ቢነፋ ማን ሰምቶት። ቀጣዩም ኬላ ላይ እንደዚያው፣ ከዚያም ቀጥሎ ባለው እንደዚያው። ተው ብላቸው «ስንቅ ለመንገድ ነው፤ እነሱም መንገድ ላይ ናቸው» አሉኝ። አዲስ አበባ ስንገባ የቀረን የሰይድ በርበሬና የበሶው ከረጢት ሽታ ነበር።

በበረራው ዕለት እትዬ ሉባባ ጎህ ሳይቀድ ሱሑራቸውን በሉ፣ መርፌያቸውን ተወጉ። እኔ ጾሜን ስለያዝኩ ምንም አልቀመስኩም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተነሳን። እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገባቸው። አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን ጨምቀው ይዘው ከቁርኣን አንድ ሱራ በቃላቸው ቀሩና ደመናው በታች ሲቀር «አጃኢብ! ከላይ ሲያዩትማ የተበጠረ ጥጥ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀትር ላይ አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ናት። «ዶሮ በሩዝ ወይስ ፓስታ? የጾምም አንድ ቀርቶኛል፤ ባቄላና ምስር ነው።»

የዘምዘም ምክር ትዝ ቢለኝም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልበላው የጾሙን ተቀበልኩ። እትዬ ሉባባ «ጾመኛ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። ጊዜው ደረሰ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እትዬ ሉባባ፣ መንገደኛ መጾም የለበትም፤ ሃይማኖታችሁ ይፈቅዳል። ሼኹንም ጠይቄያለሁ።»

«ይፈቅዳል፤ እኔም አውቀዋለሁ። በኔ ላይ ያለው ግን ነዝር ነው። መርሳ ላይ ቃል ገብቼ ደመና ላይ ስደርስ ላፍርስ?»

«ሐኪሙ ግን…»

«አምስት ወር ያለ መርፌ ያኖረኝ ጌታ አንድ ቀን ያቅተዋል? ይልቅ አንተ ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

እኛ አገር እንቢ ያለን ሰው የሚያበላው አንድ ነገር ነው፤ መሐላ። በሞቴ ከተባለ የጠገበም ይጎርሳል፤ አፈር ስሆን ከተባለ የተጣላም ይመለሳል። ከዚህ የከበደ ደግሞ አለ፤ እኔም እሱን መዘዝኩ። የጾም ምግቤን ክዳኑን መልሼ ከደንኩና፣ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ «ገብርኤልን! አንቱ እህል እስኪቀምሱ ድረስ እኔም እህል ውሃ በአፌ አይዞርም! አንቱ ካልበሉ አልበላም!» አልኩ።

እትዬ ሉባባ ረጋ ብለው አዩኝ። «ማሻ አላህ። በል እንግዲህ አብረን እንጹማ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። መሐላዬ ንጹሕ አልነበረም። በሆዴ አስልቼ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይረታሉ ብዬ ነበር። ባይረቱ እንኳ መርሳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው፤ ያኔ ያፈጥራሉ፣ እኔም ጀግና ተብዬ እበላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የለመደ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ቢጨመርበት ምን ይሆናል? ርካሽ መሐላ መስሎኝ ነበር።

ጋሪዋ ተመልሳ መጥታ ሳልነካው የጾም ምግቤን ይዛብኝ ሄደች። በዓይኔ ሸኘሁት።

ከዚያ ሰዓቱ መሄድ አቆመ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ዳቦውን በቅቤ እየቀባ ቀስ ብሎ የሚያኝክ ዓይነት ነበር፤ እያንዳንዱን ጉርሻ ቆጥሬለታለሁ። ቢያንስ የሰይድን ወረቀት ግማሹን ልፈጽም ብዬ እትዬ ሉባባን አስነስቼ በመተላለፊያው አንሸራሸርኳቸው። አንዴ ዞሩና «እግሬ ደህና ነው፤ ያንተ ነው የሚንቀጠቀጠው» ብለው ተቀመጡ። እኔ ግን ወረቀቱ በየሰዓቱ ስለሚል ቀጠልኩ። ባዶ ሆድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ረሃብ እንደሚብስ ወረቀቱ አይልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጉዳይ ኖሮኝ አልነበረም። እጄን ከቧንቧው ሥር ዘርግቼ ውሃው መዳፌ ላይ ሲሞላ አየሁት። ማን ያየኛል? ከዚያ አሰብኩት፤ እኔ እኮ አሁን ከመሬት ይልቅ ለገብርኤል ነው የምቀርበው። መርሳ ላይ የተማለ መሐላ እሱ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ እዚህ ግን በር ለበር ነን። ውሃውን ደፋሁትና፣ የገባሁበት ምክንያት እንዲመስል ሽንት ቤቱን ለቀቅሁት። ባልደረባዬ አልዋሸም። ጓ! ሲል ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ፣ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነው። ጦርነት ለምዶን ይሁን ለምደነው እንጃ፣ እኔ ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ። ስመለስ እትዬ ሉባባ ወለሉ ያረጠበውን ጉልበቴን አይተው «ሰገድክ?» አሉኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆነ። እንደዚያች ደቂቃ የጠበቅሁት ነገር በሕይወቴ የለም። ሰዓቴን ፊታቸው ላይ ደቀንኩ። «እትዬ ሉባባ! መግሪብ ደረሰ! አሁን መርሳ ላይ አዛን ብሏል። ያፍጥሩ!»

የመስኮቱን መከለያ ወደ ላይ ገፉት። ፀሐይ ሰተት ብላ ገባችና ዓይኔን አጠፋችው። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ናት፤ ለመጥለቅ ሐሳቡም የላት።

«ይችሳ?» አሉኝ።

«ይችማ… ይች የዚህ አገር ናት።»

«ስንት ፀሐይ ነው ያለው?»

ያኔ ነው የገባኝ። የምንሄደው ወደ ምዕራብ ነው። ፀሐይም የምትሄደው ወደ ምዕራብ ነው። አውሮፕላኑ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተላት፣ እሷ መጥለቁን ረስታዋለች። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው! ምድር ትዞራለች የሚለውን ጥያቄ በትክክል መልሼ ያለፍኩ ሰው! ምድር ስትዞር እራት እንደምታዘገይ ግን ማንም አልነገረኝም። አስተናጋጇን ጠርቼ መቼ እንደምትጠልቅ ጠየቅኋት። «ካረፍን በኋላ ነው እንጂ! ገና ከአራት ሰዓት በላይ አለ» አለችኝ እየሳቀች።

እትዬ ሉባባ መከለያውን ዘጉት። «የያዝከው ሰዓት የመርሳ ነው፤ ፀሐይዋ ግን የአላህ ናት። እሷን ነው የምጠብቀው።» በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ብርዱ ነው ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ይሄን ሳስታውስ ዛሬም ራሴን እጠላለሁ። ወረቀቱ በኪሴ ነበር፤ ላብና መንቀጥቀጥ ስኳር ሲወርድ የሚመጣ መሆኑንም ሰይድ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን በራሴ ረሃብ ታውሬ ነበር።

ሌላ ብርድ ልብስ ላስመጣላቸው ብዬ ተነሳሁ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ሦስተኛውን አላስታውስም።

ስነቃ መተላለፊያው ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። አስተናጋጇ እግሬን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ እትዬ ሉባባ ራሴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ያ ረቢ! የሰው ልጅ! ለእናቱ ምን ብዬ ልንገራት!» ይላሉ። ስኳር አለበት ወይ ብላ አስተናጋጇ ስትጠይቅ እትዬ ሉባባ የገዛ መለኪያቸውን ከቦርሳቸው አወጡና ጣቴን ወጉኝ።

አስተናጋጇ ቁጥሩን አየች። «ምንም አልሆነም። ርቦት ነው» አለች። አካባቢው ሳቀ። በዚያ ከፍታ ላይ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ግን ወደ እትዬ ሉባባ ቀና ስትል ፈገግታዋ ጠፋ። «እማማ፣ ላብ በላብ ሆነዋል። ጣትዎን ይስጡኝ።»

«እኔ ደህና ነኝ፤ እሱን…»

ወጋቻቸው። መለኪያው ጮኸ። ቁጥሩ ከኔ ግማሽ በታች ነበር። አስተናጋጇ ለጓደኛዋ ጭማቂ ብላ ስትጣራ ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር። እኔ ከወለሉ ሳልነሳ ሰውነቴ በረደ፤ ረሃቤ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ሰይድ ድጋሚ አታስለቅሰኝ ያለኝ ብቻ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

የብርቱካን ጭማቂው መጣ። እትዬ ሉባባ ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ነዝር አለብኝ።» ምላሳቸው ተያይዞ ነበር።

እኔ ከወለሉ ሆኜ የሰይድንና የስለቱን ነገር በአጭሩ ነገርኳት፤ አስተናጋጇ ተንበረከከች። የትምህርት ቤት አማርኛዋን ትታ በወልድያ ዜማ መናገር ጀመረች። «እማማ፣ እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ። አምስት ወር የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። ትኑር ትሙት ሳላውቅ እዚችው መተላለፊያ ላይ ሳቄን ለብሼ ምግብ ሳድል ከረምኩ። ልጅዎ ይሄን ጊዜ በር ላይ ቆሞ ይሆናል። አንቱ የተሳሉት እሱን ሊያዩ ነው፤ እሱስ ምን ሊያይ ነው የሚጠብቀው? ሬሳ? በሞቴ ይጠጡ። አፈር ስሆን።»

እትዬ ሉባባ የልጅቷን እጅ ያዙ። «እናትሽ ተገኘች?»

«ተገኘች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይሄም ሞኝ ካልበላሁ መሞቱ ነው። ጌታዬ፣ ነዝሬን ታውቀዋለህ፤ የዚችም የዚህም እናት በአንድ ቀን ከሚያለቅሱ እኔ ቀዷ ላውጣ፣ ሌላ ቀን ልጹምልህ።» ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ጭማቂውን ጨለጡት። እንባዬ ወረደ፤ አልደበቅሁትም።

ትንሽ ቆይቶ ቀለማቸው ሲመለስ አስተናጋጇ ዶሮ በሩዝ አመጣች። እትዬ ሉባባም ከነሙሉ ጠባያቸው ተመለሱ። «ማን ነው ያረደው?»

«ሐላል ነው፣ እማማ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። አራጁ ማነው?»

አስተናጋጇ እኔን አየችኝ፤ እኔ እሷን አየኋት። «የታረደው ብራዚል ነው» አልኩ። ፈጠራ ነው፤ እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

እትዬ ሉባባ ሳህኑን ወደ ብርሃን አስጠግተው ዶሮውን አገላብጠው መረመሩት። ሐራ ገበያ በርበሬ የሚመርጡበት ዓይን ነው። «ሰይዴ ይሆን? ብቻ እንዲህ ያነሰ ዶሮ ለማረድ አይቸኩልም ነበር» አሉ። ግን አንዱን ቁራጭ አነሱ፣ ቀመሱ፣ አኘኩ። ቀጥለው በሩዝ የጠቀለሉትን ትልቅ ጉርሻ አፌ ላይ ደቀኑት። «በል! አሁን እህል ቀምሻለሁ። መሐላህ ወረደ።»

አስቡት እንግዲህ። ሁዳዴ ነው። ዶሮ ነው። እስላም ያረደው ነው። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ። የጾም ምግቤ በጋሪ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። አፌን ከፈትኩ። ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ዶሮውን ብቻ ነው፤ ጣፍጦኝ እንደነበር አልነገርኳቸውም።

ካረፍን በኋላ የፓስፖርቱና የሻንጣው ሰልፍ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደብን። ሰይድ መውጫው ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየን አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ መጣና እናቱ ጉልበት ላይ ተደፋ። እትዬ ሉባባ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን ዳሰሱት፤ ሁሉም በቦታው መሆኑን ሲያረጋግጡ ነው። ሰይድ በመጨረሻ ቀና ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነው።

«በልታለች?»

«በልታለች።»

«እንዴት አድርገህ አሳመንካት?»

«በዘዴ» አልኩት።

«ወድቆ ነው» አሉ እትዬ ሉባባ።

መኪና ማቆሚያው ጋ የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ በፔርሙስ ሾርባ፤ ራሱ ሠርቶ ነው ያመጣው። እሱ ራሱ ግን ጾመኛ ነበር፤ ከሥራ ወጥቶ ውሃ ሳይቀምስ ነው የመጣው። ፀሐይዋ አሁን ጥግ ይዛለች፤ ትንሽ ቀርቷታል። እትዬ ሉባባ «እኔ አፍርሻለሁ፤ አንተ ግን ጨርስ» አሉት። ሦስታችንም ዕቃው ላይ ተደግፈን ጠበቅን። ሳምቡሳው ይሸተኛል፤ እኔን ማንም ብላ አላለኝም፣ እኔም ደግሜ አልማልኩም።

ከሰይድ ስልክ አዛን ተሰማ። እትዬ ሉባባ ቴምሩን ፍሬውን አውጥተው በገዛ እጃቸው አጎረሱት። ከዚያ ሳምቡሳ። ከዚያ ሌላ ሳምቡሳ። የመጀመሪያውን ሳይውጠው ሦስተኛው ደረሰ። ሰይድ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረና እንደ ሕፃን ሆ ብሎ አለቀሰ። አምስት ወር ሙሉ ምናምን ሊል ይሞክራል፤ አፉ ሞልቶ ምኑም አይሰማም።

እትዬ ሉባባ በነጠላቸው እንባውን ጠረጉለት። በሌላው እጃቸው ቀጣዩን ጉርሻ አዘጋጅተዋል።

«አልቅስ፣ የኔ ዓለም፣ አልቅስ» አሉት። «ብቻ እያኘክህ።»